«ከፋኝ» ለማለት፡ ድባቴ፣ ወንዶችና ሴቶች በንግግር ሕክምና ክፍል

(በምሩቃን ማኅበሩ የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ከሙያሽ የሆነ ነገር ንገሪን፤ ግን እንቅልፍ የሚያመጣ እንዳይሆን» ብለውኛል። ከምሳ በፊት ስለሆነ እንቅልፉን አልፈራም፤ የምፈራው ረሃቡን ነው። ስለዚህ በቀጥታ ልግባ።

የማወራችሁ ስለ ድባቴ ነው። ስለ ድባቴ በጠቅላላው አይደለም፤ እሱን ብዙዎቻችሁ ታክማላችሁ፣ መድኃኒቱንም ታውቃላችሁ። ጉዳዬ ጠበብ ያለ ነው። ታማሚው ስሜቱን ለይቶ መጥራት ሲያቅተው የንግግር ሕክምናው ምን እንደሚሆን ልነግራችሁ እፈልጋለሁ። ይህ ችግር በወንዶችና በሴቶች ላይ መልኩ ይለያያል፤ ልዩነቱን ካላየን ደግሞ ሁለቱንም በአንድ ወረቀት ስናክም እንከርማለን። የምጠቅሳቸው ታማሚዎች ማንነታቸው እንዳይታወቅ ታሪካቸው ተቀይሯል፤ የሁለት ሦስት ሰው ታሪክ አንድ ላይ የሰፋሁበትም ቦታ አለ።

በመጀመሪያ ስለ ሕክምናው ትንሽ ልበል፤ በእኛ ጊዜ ትምህርቱ አንድ ስላይድ ብቻ ስለነበር። ሲቢቲ፣ በአማርኛ የአስተሳሰብና የባህሪ ሕክምና የምንለው፣ በድባቴ ላይ የተጀመረው በእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ በነበረው በአሮን ቤክ ነው። ቤክ የሠለጠነው በሥነ ልቦና ትንተና ነበር። የድባቴ ታማሚዎችን ሕልም ሲያጠና ወደ ውስጥ የዞረ ቁጣ አገኛለሁ ብሎ ጠብቆ ነበር፤ ያገኘው ግን ሽንፈትና ማጣት ሆነ። ታማሚዎቹ ቀኑን ሙሉ ስለ ራሳቸው፣ ስለ ዓለምና ስለ ነገ ውልብ የሚሉ ጨለማ ሐሳቦች አሏቸው፤ ሐሳቦቹን እንደ እውነት ይቀበሏቸዋል እንጂ አይመረምሯቸውም። ቤክ ይህን መመርመር ሕክምና አደረገው። በ1979 ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው የድባቴ መጽሐፍ ዛሬም ይነበባል። ሰውየው በ2021 ሲያርፍ 100 ዓመቱ ነበር።

ከሕክምናው መሣሪያዎች ሁሉ የታወቀው አንድ ተራ ወረቀት ነው። በዓምድ የተከፈለ ነው። በመጀመሪያው ዓምድ ምን እንደተፈጠረ ይጻፋል፣ በሁለተኛው ያኔ የመጣው ሐሳብ፣ በሦስተኛው ስሜቱና ከ0 እስከ 100 ምን ያህል እንደበረታ። ከዚያ ሐሳቡን የሚደግፈውና የሚቃወመው ማስረጃ፣ በመጨረሻም ነገሩን በሌላ ዓይን ማየት። ታማሚው ወረቀቱን ቤቱ ወስዶ፣ ሞልቶ ይመጣል። መጽሐፉ ላይ ሲያዩት ቀላል ነው።

እኔ ዘንድ የሚመጣው ወረቀት ግን ብዙ ጊዜ ሦስተኛው ዓምድ ባዶ ነው።

አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ላንሳ። 52 ዓመቱ ነው፤ መኪናዋ የራሱ ናት፣ በባንክ ብድር የተገዛች። ሦስት ዓመት ሙሉ «ጨጓራ» ሲታከም ቆይቷል። ኦሜፕራዞል ወስዷል፣ የኤች ፓይሎሪ መድኃኒት ሁለት ጊዜ ጨርሷል፣ ኢንዶስኮፒ ሁለት ጊዜ ተደርጎለት ሁለቱም ደህና ነው። ወደ እኔ የላከው አንድ አስተዋይ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነው። ሰውየው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይነቃል፣ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም። ከስቷል። ከጓደኞቹ ጋር መቀመጥ ትቷል። በፒኤችኪው-9 ከ27 18 አመጣ።

ራስን ስለማጥፋት ስጠይቀው ፊት ለፊት ነው የጠየቅሁት። ይህን ጥያቄ የምትፈሩ ካላችሁ ልንገራችሁ፤ መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ጭንቅላት ውስጥ አይተክልም። ሰውየው ዝም አለና «መኪናዋን ገደል ብለቃትስ ያልኩበት ቀን አለ» አለኝ። ለሦስት ዓመት ጨጓራውን ያዩ ሰዎች ይህን አልሰሙም፤ አልደበቃቸውም፣ የጠየቀው አልነበረም። በዚያው ቀን ወንድሙን ጠራን፣ የመኪናው ቁልፍ ወንድሙ ዘንድ ሆነ፣ መድኃኒትም ጀመርን። ከዚያ ንግግሩ መጣ።

የመጀመሪያ ሳምንት ወረቀቱን አመጣ። ምን ተፈጠረ? «ባንኩ ደወለ።» ምን አሰብክ? «መኪናዋ ልትሸጥ ነው።» ስሜት? «ጨጓራዬ።» በሁለተኛው ሳምንት ዓምዱ ተሞልቷል፤ ከላይ እስከ ታች «ተናደድኩ»፣ «ተናደድኩ»፣ «ተናደድኩ»። በሦስተኛው «ደህና»።

እዚህ ላይ ሐኪሙ ሊቸኩል ይችላል። ሐሳቡ ተጽፏል፣ ማስረጃውን እንመርምር ይላል። ነገር ግን «ባንኩ ደወለ፣ ተናደድኩ» ከሚለው ተነስተን የምንደርሰው ባንኩ ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም ከሚል ክርክር ላይ ነው። ያ ክርክር ሰው አያድንም። ስለዚህ ወረቀቱን ትተን ጨጓራውን ተከተልነው። በዚያ ሳምንት በጣም የተቃጠለው መቼ ነው? ማክሰኞ ማታ። ማክሰኞ ማታ የት ነበርክ? ቤት። ማን ደወለ? ልጄ፣ ከዩኒቨርሲቲ። ምን አለህ? አላነሳሁትም።

ለምን አላነሳህም አላልኩትም። «ስልኩ ሲጮህ ሆድህ ምን አለ?» አልኩት። ቆየና «አፈርኩ» አለ። «የኪስ ገንዘብ ሊጠይቀኝ ነው። አፍሬ ነው ያላነሳሁት።»

አፈርኩ፣ 90። ከሥሩ ያለው ሐሳብ ወዲያው ተከትሎ ወጣ፦ «ለልጁ የማይሆን አባት ምን አባት ይባላል።» ይኸ ነው ሰውየውን ገደሉ አፋፍ ያደረሰው ሐሳብ፤ ባንኩ አይደለም። ይህ ሐሳብ ደግሞ ይመረመራል። ልጁ እውነት ገንዘብ ሊጠይቅ ነበር? አባትነቱ በኪስ ገንዘብ ብቻ ይለካል? እሱ ራሱ አባቱን በምን ያስታውሳል? በሚቀጥለው ሳምንት ደወለለት። ልጁ የደወለው ፈተና ማለፉን ሊነግረው ነበር።

ልላችሁ የፈለግሁት ዋና ነገር ይኸው ነው። የስሜቱ ስም ወደ ሐሳቡ የሚወስድ መንገድ ነው። ስሙ ከተሳሳተ የተሳሳተ ሐሳብ ስንመረምር እንውላለን፤ ታማሚውም «ይህ ወሬ አልጠቀመኝም» ብሎ ይቀራል። ስሜትን የማወቅ፣ የመጥራትና የመምራት ብቃት የምንለው ነገር ሲቢቲ ካለቀ በኋላ የሚገኝ ጌጥ አይደለም፤ ገና ከመጀመሩ በፊት የሚያስፈልግ ስንቅ ነው።

አንድ የታወቀ ቃል አለ፤ አሌክሲታይሚያ። ፒተር ሲፍኒዮስ በ1973 ከግሪክኛ ያወጣው ሲሆን «ለስሜት ቃል ማጣት» እንደ ማለት ነው። ወንዶች ታማሚዎቻችንን ሳይ ይህ ቃል በቶሎ እንዳይለጠፍባቸው እፈራለሁ። ምክንያቴን ልንገራችሁ። ያ ሹፌር ለቅሶ ቤት ሲሄድ ታይቶ ያውቃል? የሞተው ሰው ስም እየተጠራ በአደባባይ ያለቅሳል፤ ማንም አያፍርበትም። በእንጉርጉሮ ሆዱን ይነግራል። ቃሉ አለው። የሌለው ቦታው ነው። ባሕላችን ለወንድ የሐዘን ቦታ ሰጥቶታል፤ ቦታው ድንኳን ውስጥ ነው፣ ሰው ሲሞት ነው። ብድር ሲከብደው የሚያለቅስበት ድንኳን የለም። ያን ጊዜ «ሆድ ይፍጀው» ይላል። እውነትም ሆዱ ይፈጀዋል፤ እኛም ኦሜፕራዞል እናዝለታለን።

አማርኛችን ለዚህ ሥራ ድሃ አይደለም፤ እንዲያውም የተትረፈረፈ ነው። ስሜታችንን የምናስቀምጥባቸውን ቦታዎች ተመልከቱ። ሆዴ ባባ፣ ሆድ ባሰኝ፣ አንጀቴ አረረ፣ ልቤ ተሰቀለ። ሰውን ስንገልጽ ደግሞ ሆደ ባሻ፣ ሆደ ሰፊ እንላለን። አንድ ታማሚ «ሆዴን» ሲል የምግብ መፍጫ ሥርዓቱን ብቻ ነው የሚነግረኝ ብሎ የሚያስብ ሐኪም አማርኛ ረስቷል ማለት ነው። ያላግባብ አልተወቀሰም፤ እኛን በእንግሊዝኛ ነው ያስተማሩን።

ሰዋስዉም ያግዛል። «ከፋኝ»፣ «ጨነቀኝ»፣ «ደበረኝ»፣ «ቆጨኝ» ስንል ሰውየው ባለቤት አይደለም፣ ተሳቢ ነው። ነገሩ መጣበት። እኔ ይህን እንደ ሕክምና መሣሪያ እጠቀምበታለሁ። ድባቴ ላይ ያለ ሰው ራሱን መክሰስ ይወዳል፤ ቋንቋው ግን «አንተ አይደለህም፣ መጥቶብህ ነው» እያለው ነው። የመጣ ነገር ሊሄድ ይችላል። «ይለቀኛል?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ ጥያቄው ራሱ ግማሽ ሕክምና ይመስለኛል።

የሚያስቸግረን አንድ ቃል ግን አለ፤ «ይሰማኛል»። ታማሚው «እንደማልረባ ይሰማኛል» ብሎ ስሜት ዓምድ ውስጥ ይጽፋል። ይህ ስሜት አይደለም፤ ስሜት የለበሰ ሐሳብ ነው። «ሰው ሁሉ እንደሚንቀኝ ይሰማኛል»፣ እሱም ሐሳብ ነው። ለታማሚዎቼ የምነግራቸው ቀላል ሕግ አለኝ። በአንድ ቃል ካለቀ ስሜት ነው፣ ዓረፍተ ነገር ካስፈለገው ሐሳብ ነው። ከፋኝ፣ ፈራሁ፣ አፈርኩ፣ ናፈቀኝ፣ ቀናሁ። ሕጉ ቀዳዳ አለው፤ «ራበኝ»ም በአንድ ቃል ያልቃል። ግን አንድ አራተኛ ክፍል የተማረ ሰው በአምስት ደቂቃ ይይዘዋል፤ አስተማሪዎች ደግሞ ይከራከሩበታል፣ እሱም ሕክምና ነው።

ወደ ሴቶቹ ልምጣ።

የ34 ዓመት የሂሳብ ሠራተኛ ነበረች፣ የሁለት ልጆች እናት። ወረቀቷ ሞልቶ ጀርባው ላይ ሁሉ ተጽፎበታል። ከፋኝ 80፣ ጨነቀኝ 90፣ ሆድ ባሰኝ 70፣ ለእናቴ አዘንኩ፣ ልጄ ሲያኮርፍ አንጀቴ ተንሰፈሰፈ። የባሏን ስሜት ታውቃለች፣ የአማቷን ታውቃለች፣ የአለቃዋን ፊት ከበር ታነባለች። ስሜትን በማወቅ ፈተና ቢኖር ሁላችንንም ትበልጠን ነበር። ስድስት ሳምንት ሠራን። ፒኤችኪው-9 ከ17 ወደ 16።

ወረቀቶቹን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን አብረን አየናቸው። ከሰላሳ በላይ ስሜት ተጽፏል፣ አንድም ጊዜ ቁጣ የለም። «ተናደሽ አታውቂም?» አልኳት። «ኧረ እኔ ሰው አልናደድም ዶክተር፣ ሆደ ሰፊ ነኝ» አለች እየሳቀች። ደመወዟ በየወሩ ባሏ እጅ ይገባል፤ እሷ የታክሲ ትጠይቃለች። የባሏ እህት ከሁለት ልጆቿ ጋር ቤቷ ከገቡ ዓመት ሞልቷቸዋል፤ ማንም አላማከራትም። ይህን ሁሉ «ጨነቀኝ» በሚል ቃል ውስጥ አጭቃዋለች። ወንዶቹ ሐዘኑንም ፍርሃቱንም እፍረቱንም «ተናደድኩ» ውስጥ ሲከቱ፣ እሷ ደግሞ ቁጣውን «ከፋኝ» ውስጥ ከታዋለች።

«ተናደድኩ» የሚለው ቃል አፏ ላይ አልወጣም። አማርኛ ግን ሌላ መሰላል አለው። «ቅር አለኝ» ትችያለሽ? አልኳት። እሱን ቻለች። «ቅር አለኝ 40» ብላ መጣች። በሚቀጥለው ሳምንት 60። ከዚያ አንድ ቀን ወረቀቱ ላይ በትልቁ «ተቆጣሁ» ብላ ጽፋ፣ አጠገቡ ቁጥር አላደረገችበትም። ከመቶ በላይ አይፈቀድም ብዬ ስለነበር ነው አለችኝ።

ቁጣው ስም ሲያገኝ ሐሳቡ ወጣ። «ብናገር ቤቴ ይፈርሳል።» እዚህ ላይ ጥንቃቄ እንድታደርጉ እለምናችኋለሁ። ይህ ሐሳብ የተዛባ ሐሳብ ነው? ሊሆን ይችላል። እውነትም ሊሆን ይችላል። ታማሚዋ ቤት ውስጥ የምትመታ ከሆነ «ማስረጃው ምንድን ነው» ብሎ መጠየቅ ስድብ ነው፤ «ሂጂና ተናገሪ» ብሎ መላክ ደግሞ አደጋ ነው። መጀመሪያ ስለ ደህንነቷ ብቻዋን፣ በሩን ዘግቶ መጠየቅ አለበት። ሐሳቡ እውነት ሲሆን ሥራው ሐሳቡን መለወጥ አይደለም፤ ችግሩን በትንንሹ ከፍሎ መፍታት ነው። እሷ ዘንድ ድብደባ አልነበረም። ያሰበችው ትንሽ ነገር ነው፤ ከደመወዟ ለራሷ የምታስቀረውን ከመስጠቷ በፊት ማስቀረት። ባሏ አኮረፈ፤ አራት ቀን። ቤቱ አልፈረሰም። የባሏ እህት ዛሬም እዚያው ናቸው፤ ሁሉም ነገር በሕክምና አይፈታም። እሷ ግን ከሦስት ወር በኋላ 6 አመጣች።

ስለዚህ እኔ የማየው እንዲህ ነው። ስሜትን የመምራት ብቃት አንድ ነገር አይደለም፤ ማወቅ አለበት፣ መጥራት አለበት፣ በጠራነው ስሜት አንድ ነገር ማድረግ አለበት። ወንዶቹ የሚደናቀፉት መጥራቱ ላይ ነው፣ ሴቶቹ ማድረጉ ላይ። ይሉኝታ ሁለቱንም ይዟቸዋል፤ ወንዱን አፉን፣ ሴቷን እጇን። ተገላቢጦሹም ይገጥመኛል፤ ሆዱን እንደ ወንዝ የሚያፈስ ወንድ አለ፣ ምንም ቃል የሌላት ሴትም አለች። ይህንን ከወንበሬ ያየሁት ነው፤ እንደ ሕግ አትያዙብኝ።

ጥናቱ ምን ይላል? ድባቴ በሴቶች ላይ ከወንዶች ይልቅ ይበዛል፤ በብዙ አገሮች ጥናት ወደ እጥፍ ይጠጋል። በዓለም ደረጃ ራሳቸውን የሚያጠፉት ግን በወንዶች ከእጥፍ በላይ ይበዛሉ። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ከወንዱ ድባቴ ውስጥ እኛ ያላየነው እንዳለ ይነግሩናል። በሌላ በኩል፣ ሕክምናውን ጀምረው ከቀጠሉ ሲቢቲ ለወንዱም ለሴቷም ብዙም ሳይለይ ይሠራል። ልዩነቱ ማን በር ድረስ ይመጣል፣ ማን ይቆያል የሚለው ላይ ነው።

ጎረቤቶቻችን በዚህ ረገድ ቀድመውናል። ዚምባብዌ ውስጥ ዲክሰን ቺባንዳና ባልደረቦቹ በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር አስቀምጠው፣ የሠለጠኑ አያቶች ሰው እንዲያነጋግሩ አደረጉ። ሲጠይቁም «ድባቴ አለብሽ?» አላሉም፤ በሾና ቋንቋ «ኩፉንጊሲሳ»፣ ማለትም «ሐሳብ ማብዛት» ከሚለው ቃል ተነሱ። ውጤቱ በ2016 ታትሟል፤ በጣም ጥሩ ነው። ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ግን አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ኡጋንዳ ውስጥ ደግሞ በ2003 የታተመው ጥናት ሰላሳ መንደሮች ላይ የተሠራ ነው። ሕክምናው ሲቢቲ አልነበረም፤ በሰዎች ግንኙነት ላይ ያተኮረ የቡድን የንግግር ሕክምና ነው። እነሱም መጀመሪያ ሕዝቡን በገዛ ቋንቋው በሽታውን ምን ትሉታላችሁ ብለው ጠየቁ። ከዚያ የወንዶቹን ቡድን ለብቻ፣ የሴቶቹንም ለብቻ አደረጉ፤ መሪዎቹ ሐኪሞች አልነበሩም፣ ከቡድኑ ጋር አንድ ፆታ የሆኑ የአካባቢው ሰዎች ናቸው። ከ16 ሳምንት በኋላ ከታከሙት ውስጥ የድባቴ መስፈርት የሚያሟሉት 6.5 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ካልታከሙት 54.7 በመቶ። ወንዶቹ ለወንዶች ተናግረዋል ማለት ነው። ድንኳን ሲሠራላቸው ተናገሩ።

ቃል ለማይመጣለት ሰው ሌላም መግቢያ በር አለ። ኒል ጃኮብሰንና ባልደረቦቹ በ1996 ሲቢቲን በየክፍሉ ፈትተው ሲፈትኑት፣ ታማሚውን ወደ ሥራና ወደ ሰው መመለስ ብቻውን ከሙሉው ሕክምና ያላነሰ ውጤት አምጥቷል። ለዚህ ነው ለወንዶቹ በወረቀት የማልጀምረው። በሳምንቱ ትተህ የነበረ አንድ ነገር አድርግ እላለሁ፤ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን መሳም ይሁን፣ ጁምዓ ይሁን፣ የጓደኛ ቡና ይሁን። ሲመለስ ቃሉን ይዞ ይመጣል።

አሁን ስለ እኛ።

ከባቻችን አንዱ ፈቃዱን ሰጥቶኛል፣ ስሙን ግን አልጠራም። ከሁለት ዓመት በፊት ደወለልኝና «አንድ ታማሚ ልላክልሽ ነው» አለኝ። ወንድ፣ አርባዎቹ ውስጥ፣ ለስምንት ወር እንቅልፍ የለውም፣ ሥራ ላይ ስህተት እፈጽማለሁ ብሎ ይፈራል፣ መጠጥ ጀምሯል፣ ፒኤችኪው-9 20። ጥሩ የሪፈር ወረቀት የሚመስል ገለጻ ነው፤ ሁሉ ነገር በቅደም ተከተል። ራሱን የማጥፋት ሐሳብ አለው ወይ አልኩ። «አልፎ አልፎ፣ ዕቅድ የለውም» አለ። ነገ ይምጣልኝ፣ ስሙን ንገረኝ አልኩት። መስመሩ ዝም አለ። «እኔ ነኝ እኮ» አለኝ።

ያን ቅጽ በራሱ ላይ ከሞላ ሰባት ወር አልፎታል። ሰባት ወር ኪሱ ውስጥ ይዞት ዞሯል። ዛሬ ደህና ነው፤ እንድነግራችሁ የጠየቀኝም እሱ ነው። በሦስተኛ ሰው ባይናገር ኖሮ ጨርሶ አይናገርም ነበር። እኛ ሐኪሞች ስሜታችንን የምንጠራበት ቃል ካለን የሪፈር ወረቀት ቃል ነው። በዚህ አዳራሽ ጠዋት በሩ ላይ ስንተቃቀፍ «እንዴት ነሽ»፣ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ተባብለናል። ከመካከላችን ስንቱ ጨጓራ ያመዋል?

መምህራኖቻችንን አንድ ነገር ልለምን። ቲቲፒ ስንወጣ ቤት ለቤት ዞረን ሽንት ቤት ቆጥረናል፣ የሕፃናት ክንድ ለክተናል፣ ክትባት ጠይቀናል። ያ ሥልጠና ጎንደርን ጎንደር ያደረገ ነው፤ ይህ ተቋም በ1947 ዓ.ም ሲመሠረትም ሐሳቡ ጤና መኮንኑ፣ ነርሷና ሳኒታሪያኑ አብረው ወደ ሕዝቡ እንዲወጡ ነበር። ዛሬ ለሚወጡት ልጆች ስለ አእምሮ ጤና ሁለት ጥያቄ ጨምሩላቸው፣ ጥያቄውንም በአማርኛ አስተምሯቸው። ተማሪዎቻችን «ሎው ሙድ» እና «አንሂዶኒያ»ን ያውቃሉ። ገበሬው ፊት ሲቀመጡ ግን «ድብርት አለብህ?» ይላሉ፣ እሱም «የለብኝም» ይላል፣ ያልፋሉ። «ከሥራ ስትገባ ሆድህ ምን ይላል?»፣ «በፊት ያስደስትህ የነበረ፣ አሁን ያስጠላህ ምን አለ?»፣ «ሌሊት ስትነቃ የሚመጣብህ ምንድን ነው?» ቢሉት ግን ቁጭ ብሎ ይነግራቸዋል። እናቶችን ሲጠይቁ ደግሞ ባል በሌለበት ይሁን፤ «ቅር ያለሽ ነገር አለ?» ከሚለው ይጀምሩ። ለዚህ ስፔሻሊስት አያስፈልግም። አገሪቱ ስፔሻሊስት እስኪበቃት ብንጠብቅ የእኔ ልጆች ጡረታ ይወጣሉ።

በአእምሮ ሕክምና አታችመንት ላይም ተማሪ ከተማሪ ጋር ወረቀቱን ራሱ ላይ አንድ ሳምንት ይሙላ። ለውጤት አይደለም፤ ማንም አያየውም። ሦስተኛውን ዓምድ መሙላት ስንት ምጥ እንዳለው ሳያውቅ ሰው ሙላ እንዳይል ነው።

የአማርኛውን ቅጽ 200 ኮፒ አሳትሜ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫለሁ። ስሜት የሚጻፍበትን ዓምድ ከሌሎቹ ሰፋ አድርጌዋለሁ፤ በኅዳጉም ከሠላሳ በላይ የአማርኛ ቃላት አሉ፣ የሚያክሉት የሚሰርዙት ካለ ንገሩኝ። ለታማሚ ልትወስዱ ይሁን ለሌላ፣ ማን ስንት እንደወሰደ የሚቆጥር የለም። ምሳው ደርሷል መሰለኝ።